አሳዳጊ ያልበደለው ልጅ፦ ከደብረ ብርሃን ለሱፐርማን ፊልም ሠሪዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለዲሲ ስቱዲዮስ የሥራ ኃላፊዎች
በርባንክ፣ ካሊፎርኒያ

ጉዳዩ፦ የሱፐርማንን ጠባይና አስተዳደግ ይመለከታል

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የምጽፍላችሁ ከሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ነው። ከተማችን ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የብርድ ልብስ ፋብሪካ አላት፤ ለምን እዚህ እንደተተከለ አንድ ሌሊት ያደረባት ሰው አይጠይቅም። ሥራዬ አማርኛ ማስተማር ሲሆን፣ የትምህርት ቤታችንን የክርክር ክበብም የምከታተለው እኔ ነኝ። ደብዳቤውን በአማርኛ የጻፍኩት እንግሊዝኛ ጠፍቶኝ አይደለም። እናንተ ባታነቡት እንኳ በእናንተ ሥራ የተነሣ ድምፃቸው እስኪዘጋ የሚከራከሩት ልጆች እንዲያነቡት ብዬ ነው። ከምጠቅሳቸው ፊልሞች አብዛኞቹ ከእናንተ ሹመት በፊት የተሠሩ መሆናቸውንም አውቃለሁ። ተሿሚ ግን ወንበሩን ሲረከብ የቀዳሚውን ዕዳ አብሮ ይረከባል።

የክርክር ክበባችን ልማድ የታወቀ ነው። «ከብዕርና ከጎራዴ የቱ ይበልጣል?»፣ «ከእርሻና ከንግድ?» እየተባለ፣ ወላጆቻቸው የተከራከሩበትን ርዕስ ልጆቹም ይወርሳሉ። ዘንድሮ ግን አሻፈረን አሉ። ይዘው የመጡት ርዕስ «እውነተኛው ሱፐርማን የትኛው ነው?» የሚል ነበር። በአንድ ክፍለ ጊዜ እንዲያልቅ ተፈቀደ፤ አላለቀም። ከክበቡ ወጥቶ ወደ መምህራን ማረፊያ ገባ፣ ከዚያም ወደ ሻይ ቤት ወረደ፣ በመጨረሻም ቤቴ ድረስ መጥቶ ለሕክምና ከመንዝ ወጥተው እኛ ዘንድ የሰነበቱትን አጎቴን ተከራካሪ አደረጋቸው።

ጎራዎቹን ላስተዋውቃችሁ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2013 በዛክ ስናይደር አዘጋጅነት ሄንሪ ካቪል የተጫወተውን ሱፐርማን ይደግፋል (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በእናንተው አቆጣጠር ናቸው)። ባላጋራዎቻቸው «ጨለማዎቹ» ይሏቸዋል፤ ጀግናቸው አይስቅማ። ሁለተኛው ጎራ በ2025 ጄምስ ጋን ያዘጋጀውን፣ ዴቪድ ኮረንስዌት የተጫወተውን ሰው ይዞ ቆሟል። እነዚህ ደግሞ «ሳቂታዎቹ» ተብለዋል። ሦስተኛ ወገንም አለ። ቁጥሩ ትንሽ፣ ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ድምፁ ግን ከሁሉም የሚጎላ ነው፤ በ1978 የወጣውን የሪቻርድ ዶነርን ፊልምና ክሪስቶፈር ሪቭን እንጂ ሌላ ሱፐርማን አላውቅም የሚሉ ሰዎች የተሰባሰቡበት ነው። መሪያቸው የሒሳብ መምህሩ ባልደረባዬ ነው።

«ያን የሚያህል ኃይል ተሸክሞ የሚፍለቀለቅ ሰው ወይ ሞኝ ነው ወይ አልገባውም» አሉ ጨለማዎቹ። «የእኛው የተሸከመው ነገር ፊቱ ላይ ይነበባል።» ሳቂታዎቹም፣ «ፊቱን የሚያጨፈግግ ጉልበተኛ በየሰፈሩ ሞልቷል፤ ከተማ በላዩ ላይ እየፈረሰ ሽኮኮ ለማዳን የሚጎነበስ ግን አንድ ነው» ሲሉ መለሱ። «ሽኮኮ!» ብሎ አንዱ ከኋላ ሲጮህ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ሥርዓት ለማስከበርም ጊዜ ወሰደብኝ። ቀዩ ቁምጣ በ2013 ጠፍቶ በ2025 መመለሱ ያስነሣውን አቧራ አልዘግበውም። ስለ ካባው አጎቴ የሰጡት ፍርድ ግን ሊታለፍ አይገባም፦ «ብርድ የማይመልስ ካባ ምን ይሠራለታል? የመንዝ በርኖስ ይስጡት።»

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። እዚህ አገር የማናውቀውን ሰው ለማወቅ ስንፈልግ ሥራውን አስቀድመን አንጠይቅም፤ «የማን ልጅ ነህ?» ነው የምንለው። ፎካሪ ሲነሣ አባቱን ይጠራል። ልጅ ሲያጠፋ «አሳዳጊ የበደለው» ይባላል፤ ስድቡ ልጁን ዳሰስ አድርጎ አልፎ የሚያርፈው ቤቱ ላይ ነው። ተከራካሪዎቹ ስለ ሱፐርማን ጠባይ ያሉትን ሁሉ መዝግቤ ይዤ ነበርና ደጋግሜ ሳነብበው አንድ ነገር ታየኝ። የሚጣሉት ስለ ልጁ ነው፤ ፊልሞቻችሁ የሚለያዩት ግን በአሳዳጊዎቹ ነው። በየፊልሙ የሚታየው ሰው በየተራ የተለየ ቤት ያደገ ሰው ነው፤ ሳቁም ኩርፊያውም የሚመጣው ከዚያ ነው።

ይህ ከጥንስሱ ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር የተባሉት የክሊቭላንድ ወጣቶች፣ የአይሁድ ስደተኞች ልጆች፣ ገጸ ባሕርዩን በ1938 ለኅትመት ሲያበቁት (መብቱን በ130 ዶላር ነው የሸጡት፤ ይህን ስነግራቸው ክርክሩ ለጥቂት ጊዜ ወደ ውል ሕግ ዞሮ ነበር) አሳዳጊ አልሰጡትም። በዚያ በመጀመሪያው ታሪክ መንገደኛ አግኝቶት ለሕፃናት ማሳደጊያ ያስረከበው ልጅ ነው። ጠባዩም ሻካራ ነው። ያለ ጥፋቷ ልትገደል የተፈረደባትን ሴት ለማዳን የአገረ ገዥውን ቤት በር ገንጥሎ ይገባል፣ ሚስቱን የሚደበድብ ባል አንሥቶ ግድግዳ ላይ ይወረውራል፣ የምክር ቤት አባል የሚያግባባውን ደላላ ተሸክሞ በስልክ ሽቦ ላይ እየሮጠ ነፍሱን ያስጨንቃታል። ስለዚህ ጨለማዎቹ «የጥንቱ ሱፐርማን የዋህ አልነበረም» ሲሉ እውነት አላቸው።

በዓመቱ፣ በ1939፣ ኬንቶች የተባሉ አሳዳጊ ባልና ሚስት ወደ ታሪኩ ገቡ። አባት ልጁን አስቀምጦ ይመክረዋል፦ ይህን ጉልበትህን ከሰው ሰውር፣ አለዚያ ይፈሩሃል። እናት ቀጥላ ትናገራለች፦ ጊዜው ሲደርስ ግን የሰውን ልጅ ልትረዳበት ይገባል። ከአባት አንድ ቃል፣ ከእናት አንድ ቃል፣ በቃ። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ። የሲገል የራሱ አባት በ1932 የልብስ ሱቁ በተዘረፈበት ዕለት ሕይወቱ ማለፉንም እግረ መንገዴን ላስታውሳችሁ። ጥይት የማይበሳውን ሰው ያሰበው ልጅ ቤት ውስጥ የነበረው ሐዘን ይህ ነበር።

የ1978ቱ ፊልም ለክላርክ (ሱፐርማን በአሳዳጊዎቹ ቤት የሚጠራበት ስም ነው) ቃላቸው የሚጋጭ ሁለት አባቶች ይሰጠዋል። ሊጠፋ ከደረሰው ክሪፕተን ከተባለ ዓለም ወደ ምድር የላከው ወላጅ አባቱ ጆር-ኤል በሰው ልጅ ታሪክ ውስጥ ጣልቃ እንዳይገባ ይከለክለዋል። ገበሬው አሳዳጊ አባቱ ደግሞ ወደዚህ ዓለም የመጣኸው በምክንያት ነው ይለዋል፤ ወዲያው ልቡ ቀጥ ይልና በግቢው ይወድቃል። ልጁ መቃብሩ ላይ ቆሞ፣ ያን ሁሉ ማድረግ እየቻልኩ እሱን ማዳን አቃተኝ ብሎ ይቆጫል። በፊልሙ መጨረሻ የሚወዳት ጋዜጠኛ ሎይስ ሌን ስትሞት የሁለቱም አባቶች ድምፅ ይመጣበታል። የገበሬውን ይዞ የወላጁን ትእዛዝ ይጥሳል፤ ምድርን ዞሮ ጊዜን ወደ ኋላ ይመልሳል። ይህ በየትኛው ስሌት እንደሚሆን ባልደረባዬን ጠይቄው ነበር። የሒሳብ መምህር ሆኖ ሳለ «እሱን ተይው» አለኝ።

እነዚሁ የድሮዎቹ ግን ሪቭን ቅዱስ አድርገው ሲያቀርቡት ዝም ብዬ አላልፍም። በተከታዩ ፊልም ኃይሉን ጥሎ ተራ ሰው በሆነ ጊዜ ምግብ ቤት ውስጥ የደበደበውን ሰው፣ ኃይሉ ሲመለስለት ያ ቤት ድረስ ተመልሶ ሄዶ ይበቀለዋል። በ2013ቱም መጠጥ የደፋበትን ሹፌር ሳይነካው ይወጣና ከባድ መኪናውን በግንድ ሰክቶበት ይሄዳል። ቂም በመያዝ ረገድ ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ የትኛውም ጎራ በሌላው ላይ ጣት ሊቀስር አይችልም።

ክርክሩ የጦፈው 2013 ላይ ነው፤ እኔም እዚያው ረዘም አድርጌ እቆማለሁ።

ክላርክ ልጅ ሳለ የተማሪዎች አውቶቡስ ከድልድይ ወድቆ ወንዝ ውስጥ ይሰጥማል። ገብቶ ገፍቶ ያወጣዋል። ሰው አይቶታልና አሳዳጊ አባቱ ጆናታን ይገሥጸዋል። «ታዲያ ይሙቱ ብዬ ልተዋቸው ኖሯል?» ሲል ልጁ ይጠይቃል። የአባቱ መልስ «ምናልባት» የሚል ነው። ዓመታት ያልፉና አውሎ ነፋስ ይነሣል። ጆናታን መኪና ውስጥ የቀረውን ውሻ ለማውጣት ተመልሶ እግሩ ይጎዳል። ክላርክ ቢንቀሳቀስ በዓይን ጥቅሻ ያወጣዋል፤ ሰዎች ግን እያዩ ናቸው። አባትየው እጁን አንሥቶ «ተው» ይለዋል። ልጁ እንደቆመ አባቱን ነፋሱ ይወስደዋል።

አጎቴ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ይህን ለመረዳት ግን አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። «አባቱ ሲሞት እጁን አጣጥፎ የሚያይ ልጅ ምን ልጅ ይባላል?» አሉና የቀረውን ሳያዩ ሊተኙ ተነሡ።

በማግሥቱ የጨለማዎቹን ወገን የምትመራው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ያቀረበችው መከላከያ ይኸውና። ተማሪዋ የአንኮበር ልጅ ናት፤ ስትናገር አትቸኩልም። «አባቱ ገዝቶት ነው» አለች። «ያን እጅ ያነሣው ሊሰናበተው አይደለም፤ እየገዘተው ነው። ሊሞት ያለ አባት የተናገረውን ማን ይሽራል? ልጁ ቢሮጥ አባቱን ያድን ነበር፤ ቃሉን ግን ይገድል ነበር። እናንተ ቆመ ትሉታላችሁ፤ እኔ ግን በሕይወቱ ካነሣው ሸክም ሁሉ ያ የከበደው ይመስለኛል።» ሳቂታዎቹ ማስታወሻቸውን ገለበጡ፣ ተያዩ፣ መልስም አጡ። ስለዚህ ፊልም ከተጻፈው ውስጥ ያገኘሁትን አንብቤያለሁ፤ ይህን ያህል ያየለት ተከራካሪ ግን አላጋጠመኝም። ለንግግሯም ሙሉ ነጥብ ሰጥቻታለሁ።

ማታ ለአጎቴ ነገርኳቸው። ከተኙበት ቀና አሉ። «ግዝት ከሆነማ ሌላ ነው» አሉ፤ ቀጥለው ግን ጸጥ ብለው ቆዩና እንዲህ አሉኝ፦ «ግን በምን ጉዳይ ነው የገዘተው? ሰው ወንድሙን እንዳይክድ ይገዘታል። ርስቱን እንዳይሸጥ፣ አደራ እንዳይበላ ይገዘታል። ሰው እንዳያድን ልጁን የሚገዝት አባት እኔ አላየሁም፤ አንቺ አይተሻል?»

እኔም አላየሁም። የዚህ ፊልም ጉድለት ሐዘኑ ላይ ነው ብለው የሚተቹት ሰዎች የሳቱት ይህን ይመስለኛል። ሰው ቢያዝን ምን አለበት? ሁለት አገር ያለው፣ አንዱም የእኔ ነህ ያላለው ሰው ቢተክዝ ያምርበታል። ችግሩ ፊልሙ ይህን ልጅ ያሳደገው በፍርሃት መሆኑ ነው። መልካም የሠራ ቁጥር የአባቱን ቃል የጣሰ ይሆንበታል፤ የሰመጡትን ባወጣ፣ በባሕር ላይ የሚነድደውን የነዳጅ ማውጫ ማማ በትከሻው በያዘ ጊዜ ሁሉ ጆናታን ከበስተኋላው ቆሞ ይገሥጸዋል። እንዲህ ያደገ ልጅ ፊቱ ቢጨፈግግ አይፈረድበትም። እሱ ራሱ ክፉ አይደለም፤ የተጫነበት ነገር ከተራራ የከበደ ነው። ጨለማዎቹ «ሸክሙ ፊቱ ላይ ይነበባል» ያሉት ልክ ነው፤ የሸክሙን ባለቤት ግን አልጠየቁም።

በዚያው ፊልም ጠላቱ ሆኖ ከክሪፕተን ስለመጣው ስለ ዞድ አንገትም አንድ ነገር ልበል። አካባቢያችን ፉከራና ቀረርቶ የሚያውቅ ነው፤ በፎካሪ አፍ «ገዳይ» ማለት ውዳሴ ነው። ስለዚህ ጄኔራል ዞድ በባቡር ጣቢያው ያሉትን ሰዎች በዓይኑ እሳት ሊያቃጥል ሲል፣ ሱፐርማን ተው ብሎ ለምኖት እምቢ ሲለው አንገቱን በሰበረ ጊዜ፣ ከክፍሉ ወንዶች ከፊሎቹ አጨበጨቡ። «ጠላቱን ገደለ፤ ታዲያ ምን ያድርግ?» አሉ። የሚያስኬድ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ገዳይ ገድሎ ይፎክራል፤ ይህ ሰው ተንበርክኮ ጮኸ። ካቪል ያን ጩኸት በሚገባ ተጫውቶታል፤ ከወገኖቹ የመጨረሻዎቹን አንዱን በገዛ እጁ ማጥፋቱ በድምፁ ይሰማል። ከዚያስ? የሚቀጥለው ትዕይንት ላይ የስለላ አውሮፕላን አውርዶ አንድ የአሜሪካ ጄኔራል ፊት ይጥልና ይቀላለዳል፤ አንዲት መኮንንም መልኩን ታደንቃለች። በዚህ ላይ ነው እኔ የምቆጣው። እዚህ ደም ያፈሰሰ ሰው፣ ሳይወድ በግዱ ያፈሰሰው እንኳ ቢሆን፣ ሽማግሌ ገብቶ ደሙ እስኪደርቅ እንደ ወትሮው ገበያ አይወጣም። የእናንተው የኅትመት ታሪክ ይህን ያውቅበት ነበር። በ1988 በወጣው ታሪክ ሱፐርማን ሦስት የክሪፕተን ወንጀለኞችን ከገደለ በኋላ ኅሊናው ታውኮበት ከምድር ራሱን አሰድዶ ጠፈር ለጠፈር ተንከራትቷል። እንግዲያው አድናቂዎች «ሱፐርማን አይገድልም» እና «መግደል ነበረበት» እየተባባሉ ዓመታት ሲጣሉ፣ ፊልሙ የነፈጋቸው ከግድያው በኋላ ያለውን ጊዜ ነው። ያ ጊዜ ቢሰጥ ኖሮ ጠቡ ግማሹ ይበርድ ነበር።

ወደ 2025 እንምጣ። ጨለማዎቹ የሚሉት ይህ ነው፦ ፊልሙ ገና ሲጀምር ተሸንፎ በረዶ ላይ ወድቋል፣ ውሻ ነው የሚጎትተው፤ ሎይስ ቃለ መጠይቅ ስታደርግለትም ጥቂት ጠንከር ያለ ጥያቄ ሲገጥመው ይቆጣል። ይህ ሰው ልጅ ነው ይላሉ። እኔ ከፊልሙ ሁሉ የወደድኩት ያንኑ ቃለ መጠይቅ ነው። ማንንም ሳይጠይቅ በሁለት አገሮች መካከል ገብቶ ጦርነት አስቁሟል። በምን ሥልጣን ተብሎ ሲጠየቅ የመንግሥታት ሕግ መልስ የለውም፤ ያለው መልስ ሰው ሊያልቅ ነበር የሚል ብቻ ነው። መልሱ ለእሱ ግልጽ ስለሆነ ሌላው ሰው ለምን እንደማይታየው ሊገባው አልቻለም፤ ስለዚህ ድምፁ ከፍ ይላል። ቅን ሰው ሲከራከር እንዲህ ነው፤ ብዙ ጊዜ ይሸነፋል፤ ከክበቤ በየዓመቱ ሁለት ሦስት እንዲህ ያሉ ልጆች አይጠፉም። እልኸኛ ነው ብትሉኝ እቀበላለሁ። ደካማ ነው ማለት ግን ከሎይስ ጋር የተቀመጠበትን ወንበር አለማየት ነው፤ ተነሥቶ መብረር ይችል ነበር።

አሳዳጊን በተመለከተም ፊልሙ ደፋር ነገር ሠርቷል። ሱፐርማን ወላጆቹ ትተውለት የሄዱትን የተበላሸ መልእክት የመጀመሪያ ግማሽ እየሰማ ሲጽናና ኖሯል። ባላጋራው ሌክስ ሉተር ቀሪውን ግማሽ አግኝቶ ለዓለም ያሰማበታል፤ መልእክቱ ይህን ሕዝብ ግዛ የሚል ነው። ከሳቂታዎቹ አንዱ ይህን ሲያስረዳ፣ «ወላጆቹ ግዛ አሉት፤ አሳዳጊዎቹ እርዳ አሉት፤ የጡት ልጅነቱን መረጠ» አለ። የጡት አባትና የጡት ልጅ ቃል ኪዳን ለሚታወቅበት ሕዝብ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይቀርብም፤ ፍርዱንም ለእነሱ የሰጠሁት በዚህ ነጥብ ነው። ተሰብሮ ወዳደገበት ካንሳስ ሲመለስ ጆናታን የሚነግረውም ይህንኑ ያጠናክራል፦ ሰውን ሰው የሚያደርገው የገዛ ምርጫውና ሥራው ነው። የ2013ቱን «ምናልባት» ያየ ሰው ይህን ሲሰማ ሁለቱ ፊልሞች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩ ይመስለዋል።

ነገር ግን ዋናውን ቅሬታዬን ያቆየሁት ለዚህ ቦታ ነው። ይህ ሁሉ ክርክር ሲካሄድ፣ ጆር-ኤል እንዲህ አለ፣ ጆናታን እንዲህ አለ ሲባል፣ አሳዳጊ እናቱን ማርታን የጠራት ተከራካሪ አልነበረም። ጥፋቱ የልጆቹ ብቻ አይደለም። እናንተ ምን ሰጣችኋቸው? የ1939ኙን አስታውሱ። ሰውር ያለው አባት ነው፤ እርዳበት ያለችው እናት ናት። ጨለማዎቹ «የጥንቱም አባት ደብቅ ብሎታል» ብለው ሊከራከሩ ይችላሉ፤ ማስረጃው ይደግፋቸዋል። ቀጥሎ ያለውን የእናቲቱን ቃል ቆርጠው እስከጣሉ ድረስ ግን ግማሽ ማስረጃ ነው የያዙት። በ2016 በወጣው ፊልም ደግሞ ያቺው እናት ለዚህ ዓለም ምንም ዕዳ የለብህም ስትለው እንሰማለን። ልጇን ዓለም ሲያሳድድባት ያየች እናት እንዲህ ብትል አልፈርድባትም፤ እኔም እልለት ይሆናል። ልጁን ያቆመው ግን ያኛው የ77 ዓመት አሮጌ ቃል ነበር። በ1978ቱ እናቲቱ በስንዴ ማሳ መካከል ልጇን ተሰናብታ ትቀራለች። በ2025ቱ ደግሞ ስልክ ላይ እየጮኸች ታስቀናለች፤ ሳቅኩ፣ አልክድም፤ ከሳቁ በኋላ ግን የምትለው ነገር ብጠብቅ አጣሁ።

የሚገርመው፣ ከሁሉም ፊልሞች የማርታን ሥራ በትክክል ያሳየው ያ ጨለማ የተባለው የ2013ቱ ነው። ክላርክ ገና ሕፃን ተማሪ ሳለ ጆሮና ዓይኑ በድንገት ይከፈትበታል፤ የመምህሯን አጥንት በቆዳዋ ውስጥ ያያል፣ የሰዓቱ ድምፅ ጭንቅላቱን ይመታዋል። ሮጦ ጠባብ ክፍል ውስጥ ገብቶ በሩን ይዘጋል። እናቱ ተጠርታ ትመጣለች። በሩን አትሰብርም፤ ውጭ ተንበርክካ ታናግረዋለች። «ዓለም በጣም ትልቅ ናት» ይላታል። «እንግዲያው ትንሽ አድርጋት» ትለዋለች፤ ድምፄን ብቻ ስማ፣ በባሕር ላይ ያለች ደሴት አድርገህ አስባት ትለዋለች። በሩ ይከፈታል።

ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ከገጠር መጥተው በአራት በአምስት ሆነው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ናቸው። ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ የመጡ አሉ። እናቶቻቸው በገበያ ቀን በሚመጣ ሰው፣ በአውቶቡስ ረዳት እጅ፣ ድርቆሽና ቆሎ፣ አንዳንዴም ቅቤ ይልኩላቸዋል። ይህን ትዕይንት ስናሳይ ክርክር አልተነሣም። ጨለማውም ሳቂታውም አንድ ዓይነት ፊት ነበረው፤ ከእርሻ ቤት ወጥቶ ከተማ የገባ ልጅ ማለት ለእነሱ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ክላርክ ኬንት በዋና ከተማ ጋዜጣ ቤት ተቀጥሮ፣ በትልቅ መነጽር ተሸፍኖ፣ እንዳይታወቅበት አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ የሚያዩት፣ አነጋገራቸውን የሚያርሙ፣ «ገጠሬ» እንዳይባሉ የሚጠነቀቁ ልጆች ናቸው። አድናቂዎች «እውነተኛው ሰው ክላርክ ነው ወይስ ሱፐርማን?» እያሉ የሚከራከሩትን እነዚህ ልጆች በአንድ ቃል ይፈቱታል፦ እናቱ የምትጠራው ስም የትኛው ነው?

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህ ነው። በ2027 ይወጣል የተባለው ቀጣዩ ፊልም ሱፐርማንና ሉተርን በአንድ ወገን እንደሚያሰልፍ ሰምተናል። ቁጣውን አታርሙት፤ ቁጣው የቅንነቱ ነው። ሰው የሚሞት ከሆነ ሞቱ ከአንድ ትዕይንት ያለፈ ይቆይ፤ ገዳዩም ሟቹም ይታሰብ። ሽኮኮውንም አትተዉት፤ ከክፍል የሳቁት ልጆች ራሳቸው ቤታቸው ሄደው ያንኑ ደግመው እንዳዩት ደርሼበታለሁ። ማርታ ደግሞ ትናገር። በዘጠናኛ ዓመቱ ዋዜማ ላይ ያለ ጀግና የቆመባትን ያችን የ1939 ቃል አንድ ጊዜ እንኳ በፊልም ላይ በአፏ ትበል፤ ከሳቁ በኋላም ወንበር ይሰጣት። ሁለቱን ጠላቶች ጎን ለጎን ካስቀመጣችሁ አይቀር፣ ተመልካቹ የሚፈልገው ነገር አለ፦ ሉተርስ የማን ልጅ ነው? ማን አሳደገው? በሩን ዘግቶ ሲያለቅስ ከውጭ የተንበረከከለት ሰው ነበር ወይስ አልነበረም? ይህን ከመለሳችሁ ማን ደግ ማን ክፉ እንደሆነ በጡጫ ማስረዳት አያስፈልጋችሁም።

የአንኮበሯ ተማሪ ፍርዱን ይግባኝ ብላበታለች። ግዝትን በተመለከተ ለአጎቴ ጥያቄ መልስ አዘጋጅታ በሚቀጥለው ስብሰባ እንደምታቀርብም በጽሑፍ አስታውቃለች። መልሷን የምትፈልጉ ከሆነ እልክላችኋለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የአማርኛ መምህርት፣ ደብረ ብርሃን

ግልባጭ፦
ለክርክር ክበቡ ሁለቱም ወገኖች
ለሒሳብ መምህሩ (ለማወቅ ያህል ብቻ)